ሽቦው የማን ነው? ስለ ገለልተኛ አገርና ስለ ጆሮ ጠቢዎች

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ቡና ላይ ተከራክረን ልንኳረፍ ነበር። በጦርነት ጊዜ ገለልተኛ ነኝ የሚል አገር የሁለቱንም ወገን ሰላይ ጉያው ውስጥ አስቀምጦ ዝም ካለ ገለልተኛ አይደለም ይላል። ኤምባሲ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ሰላይ ነውም ይላል። አልተዋጠልኝም፤ ግን መልስ አጣሁ። ለመሆኑ በገለልተኛ አገር የጦርና የዲፕሎማሲ መረጃ የሚሰበሰበው እንዴት ነው? አገሩስ ለምን ዝም ይላል? ከኛ አገር ምሳሌ ካለ ይንገሩኝ። በኛ አካባቢ ሄጄ የማየው ነገር ካለም እንዲሁ።»

አብሽር፣ ጓደኛህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ግማሹን ይዟል። ሌላውን ግማሽ እኔ ልሞክር። ደሴ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ የዲፕሎማሲ ታሪክ ደግሞ ሱሴ ነው። ስለዚህ ረዘም ካለብኝ ታገሰኝ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በኛ ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

መጀመሪያ «ሰላይ» የሚለውን ቃል እንፍታው። ብዙ ሰው ሰላይ ሲባል ጥቁር መነጽር፣ ሽጉጥና የተሰረቀ ካዝና ነው የሚታየው። እኔ የሚታየኝ አንድ የማውቀው እህል ነጋዴ ነው። ማለዳ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ስንት ተሳቢ ጭኖ ወደ ደሴ ወጣ? ስንቱ ባዶውን ወረደ? ሸራው ሲርገበገብ ካየ ጭነቱ ቀላል ነው። ጎማው ተጨፍልቆ መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ከወጣ ሲሚንቶ ወይ ብረት ነው። አንዱ ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ሲቆም «ከየት ነህ? መንገዱ እንዴት ነው?» ይለዋል። በቃ። ረፋድ ላይ ገበያ ሲገባ የስንዴ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ከሌሎቹ ቀድሞ ያውቃል። ማንንም አልሰረቀም፣ ማንንም አልዋሸም። የተቀመጠበት ቦታ ነው ዋናው።

በገለልተኛ አገር የሚሠራ መረጃ ሰብሳቢም አብዛኛው ሥራው ይኸው ነው። የሚፈልገው የአስተናጋጁን አገር ምስጢር እንዳይመስልህ። የሚፈልገው በዚያ በኩል የሚያልፈውን ነው። መርከብ፣ ባቡር፣ ስደተኛ፣ ጋዜጣ፣ ቴሌግራም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞዛምቢክ የፖርቱጋል ቅኝ ነበረች፤ ፖርቱጋል ደግሞ ገለልተኛ። ሎሬንሶ ማርኬስ በምትባለው ወደቧ፣ የዛሬዋ ማፑቶ መሆኗ ነው፣ የጣሊያኑ ቆንስል ካምፒኒ የትኛው መርከብ መቼ እንደሚነሳ እያጣራ ያስተላልፍ ነበር። ውጭ ባሕሩ ላይ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ይጠብቃል። እንግሊዞችም ካምፒኒን የሚከታተል ሰው እዚያው ላኩ። ሁሉም ፖላና በሚባለው ሆቴል በረንዳ ላይ ይተያዩ ነበር። ሰላምታ ይለዋወጡ እንደሁ እንጃ፤ መተያየቱ ግን የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። እዚህ ላይ ነው ጓደኛህ የሚሳሳተው። በ1907 የሄግ ደንብ መሠረት በጦር ሕግ «ሰላይ» የሚባለው በተፋላሚ ወገን የጦር ቀጠና ውስጥ ተደብቆ ወይም ማንነቱን ደብቆ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ነው። ገለልተኛ አገር የጦር ቀጠና አይደለም። ስለዚህ እዚያ ሆቴል ቁጭ ብሎ ወሬ የሚለቅም ሰው ጉዳዩ የአገሩ የወንጀል ሕግ ነው እንጂ የጦር ሕግ አይደለም። ገለልተኛው አገር ምን ይከለከላል? ለተፋላሚ ወገን በምድሩ ላይ የጦር ራዲዮ ጣቢያ እንዲተከል መፍቀድ አይችልም። የቴሌግራምና የስልክ መስመሩን ግን ተፋላሚዎች ቢጠቀሙበት የመከልከል ግዴታ የለበትም። ከከለከለ ለሁለቱም መከልከል፣ ከፈቀደም ለሁለቱም መፍቀድ ነው ያለበት። ጆሮውን ይድፈን፣ ዓይኑን ይጨፍን የሚል ሕግ የለም።

ይቺን የሽቦ ነገር ያዝልኝ። የኛ ታሪክ የሚጀምረው ከሷ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ ኢትዮጵያ አልገባችበትም። አዲስ አበባ ላይ ግን የሁሉም ለጋሲዮን፣ «ሚኒስትር» በሚባል ዲፕሎማት የሚመራ ከኤምባሲ ዝቅ ያለ መሥሪያ ቤት ማለት ነው፣ ነበር። የእንግሊዙ ሚኒስትር ቴሲገር፣ የጣሊያኑ ኮሊ ዲ ፌሊዛኖ፣ ፈረንሳዮቹ፣ በሌላ በኩል የጀርመኑ ፎን ዚቡርግ። ኦቶማን ቱርክም ቆንስሏ መዝሐር ቤይ ነበረላት። አንድ ከተማ፣ አንድ ገበያ፣ ምናልባት አንድ ዓይነት ጠጅ። እንግዲህ አገሪቱ ዙሪያዋን በማን እንደተከበበች አስብ። ሱዳንና ኬንያ የእንግሊዝ፣ ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ ኤርትራ የጣሊያን። ወደ ውጭ የሚወጡት ሁለቱ ዋና የቴሌግራምና የስልክ መስመሮች ደግሞ እነዚህ ነበሩ። አንደኛው በባቡሩ መስመር ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ጫፉ ፈረንሳይ እጅ ነው። ሁለተኛው ከ1902 እስከ 1904 ጣሊያኖች የዘረጉት የአዲስ አበባና አስመራ መስመር ነው። በወሎና በትግራይ አድርጎ ይወጣል፤ ጫፉ ጣሊያን እጅ ነው።

የጀርመኑ ሚኒስትር ለበርሊን አንድ መስመር መላክ ቢፈልግ በማን በኩል ይልካል? በጠላቱ በኩል። ሽቦው በእጅህ ከሆነ ሦስት ነገር ትችላለህ፤ ማንበብ፣ ማዘግየት፣ መቁረጥ። ሦስቱም ዝም ብለህ ተቀምጠህ የሚሠሩ ናቸው። (ሽቦ መቁረጡን ባላገሩም በራሱ መንገድ ያግዝ ነበር። በዚያ ዘመን የስልክ ሽቦ እየተቆረጠ አምባር ይሠራበት እንደነበር ተጽፏል። ያ ግን ስለላ አይደለም፣ ጌጥ ነው።)

ስለዚህ በርሊን ሰው መላክ ጀመረች። የመጀመሪያው ሊዮ ፍሮቤኒዩስ ነው። በአፍሪካ ባህል ጥናት ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ ሽፋኑም የጥናት ጉዞ ነው። በ1915 መጀመሪያ ከዓረብ ምድር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ምጽዋ ደረሰ። ልብ በል፣ ጣሊያን ያኔ ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ምጽዋ የገለልተኛ አገር ወደብ ናት። ፍሮቤኒዩስም የተማመነው በዚህ ነው። ጣሊያኖቹ ግን አላሳለፉትም፤ ወደ አገሩ መለሱት። አየህ፣ ገለልተኛ አገር በሩን ሲዘጋም ምርጫ እያደረገ ነው። ሮም ያኔ ወዴት እንደምታዘነብል ገና አልለየችም ነበር፤ እንግሊዝና ፈረንሳይን ግን ማስቀየም አልፈለገችም። ጥቂት ወራት ቆይታ በግንቦት ከነሱ ጋር ወገነች።

ሁለተኛው ተላላኪ ሰሎሞን ሆል ይባላል። ይኼኛው ለወሎ ሰው ልዩ ነው። አባቱ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ከፖላንድ የመጣ ሰው ነው፤ ጋፋት ላይ ለአጼ ቴዎድሮስ መድፍ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ። እናቱ በኢትዮጵያ የተወለደች ናት። እንዲህ ያለ ሰው አገሩንም ቋንቋውንም ያውቃል፤ ለተልዕኮ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? እሱም በዚያው ዓመት ኤርትራ ላይ ጣሊያኖች እጅ ወደቀ፤ የያዘው ወረቀት ሁሉ ተወሰደ። አሁን እንግዲህ ጣሊያን ገለልተኛ አይደለችም። ያው መንገድ፣ ያው በር፣ ግን ዘበኛው ወገን መርጧል።

እንግሊዝና ጣሊያን በዚህ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ምን እየሠሩ ነበር? ወሬ እየለቀሙ። ልጅ ኢያሱ ሐረርና ጅጅጋ ይመላለሳሉ። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ይቀራረባሉ። ከቱርኩ ቆንስል ጋር ምን ተነጋገሩ? እንግሊዝን ይወጋ ለነበረው ለሶማሌው ሰይድ መሐመድ መሣሪያ ላኩ ወይስ አልላኩም? ወሬው ከአስተርጓሚ፣ ከነጋዴ፣ ከቤተ መንግሥት ሰው ይመጣል። እውነቱም ውሸቱም አንድ ላይ ይፈላል። በመጨረሻ መስከረም 2 ቀን 1909 ዓ.ም. የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሚኒስትሮች አንድ ላይ ሆነው የተቃውሞ ደብዳቤ አስገቡ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ፣ ለመስቀል ማለት ነው፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። «ፈረንጆች ናቸው ያወረዷቸው» የሚል ክርክር ደሴ ውስጥ ሁልጊዜ ይነሳል። እኔ አልስማማም። የሸዋ መኳንንት የራሳቸው ቂም፣ የራሳቸውም ስሌት ነበራቸው። ለጋሲዮኖቹ ያደረጉት የተሰበሰበውን ወሬ በትክክለኛው ቀን ትክክለኛው ሰው ጆሮ ውስጥ ማስገባት ነው። መረጃ ወደ ዲፕሎማሲ የሚለወጠው እንዲህ ነው። ለኔ ይኼ ከየትኛውም የካዝና ስርቆት ይበልጣል።

ደሴ ላይ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ነበሩ፤ ልጃቸው የወረደባቸው አባት። ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ድል አደረጉ። ከዚያ ግን ቀናት አለፉ። በሸዋም በወሎም ሲነገር እንደኖረው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ (አባ መላ) «እኔም ከርስዎ ጋር ነኝ» የሚል ደብዳቤ እየላኩ አዘገዩዋቸው፤ የሸዋ ጦር እስኪሰበሰብ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሡ ተሸነፉ፤ ተማረኩም። አባ መላ ከማንም ፈረንጅ ሰላይ ትምህርት አላስፈለጋቸውም። የድሉን ሰልፍ ከተመለከቱት አንዱ ደግሞ የእንግሊዙ ሚኒስትር የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አድጎ በረሃ ዘዋሪው ዊልፍሬድ ቴሲገር የሆነው እሱ ነው።

ያ የሽቦ ነገር ለኛ ብቻ የተበጀ ወጥመድ አይምሰልህ። ጦርነቱ በተጀመረ ማግስት እንግሊዝ የጀርመንን የባሕር ውስጥ ኬብሎች ቆርጣ ነበር። ጀርመን ምን አደረገች? የገለልተኞችን ሽቦ ለመነች። አሜሪካ ያኔ ገለልተኛ ነበረች። ለሰላም ንግግር ይረዳል ብላ በራሷ የዲፕሎማቲክ መስመር የጀርመንን መልእክት ታሳልፍ ነበር። በጥር 1917 የጀርመኑ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲመርማን በዚያው መስመር አንድ ቴሌግራም ላከ። «ሜክሲኮ አሜሪካን ከወጋች እናግዛታለን፤ ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን ታስመልስ» የሚል። በአሜሪካ ሽቦ፣ አሜሪካን ለማስወጋት! መስመሩ የሚያልፈው ደግሞ በእንግሊዝ ነው። እንግሊዞች አነበቡት። በሚያዝያ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገባች።

ገለልተኛው ራሱ ሲያዳምጥስ? እዚህ ላይ ስዊድንን የሚያህል የለም። በሚያዝያ 1940 ጀርመን ኖርዌይን ያዘች። ከኦስሎ ወደ በርሊን ለመነጋገር የስዊድንን የስልክ መስመር ተከራየች። ስዊድን «እሺ» አለች፤ መስመሩንም ጠለፈችው። የሚሰማው ግን በማሽን የተመሰጠረ ነው። አርነ ቦይርሊንግ የሚባል የሒሳብ ፕሮፌሰር በዚያ ክረምት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ። ማሽኑን አይቶት አያውቅም። ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀበት፤ ፈታው። በኋላ እንዴት እንደሠራው ሲጠየቅ አስማተኛ ዘዴውን አይናገርም ብሎ ነው ያለፈው። ከዚያ ወዲህ ስቶክሆልም የጀርመንን የውስጥ ወሬ ታነብ ነበር። መቼ መፍራት፣ መቼ እምቢ ማለት እንዳለባት ታውቃለች።

ደግሞም አንዳንዴ ይፈስሳል። በግንቦት 1941 ቢስማርክ የሚባለው የጀርመን ግዙፍ የጦር መርከብ በስዊድን ባሕር አጠገብ ሲያልፍ ጎትላንድ የምትባል የስዊድን የጦር መርከብ አየችው። ወሬው ከስዊድን የመረጃ ሰዎች ወደ ኖርዌዩ ወታደራዊ አታሼ፣ ኤምባሲ ውስጥ ወደሚቀመጠው የጦር መኮንን ማለት ነው፣ ሄደ። ከሱ ወደ እንግሊዙ የባሕር ኃይል አታሼ ዴንሃም። ዴንሃም በዚያው ማታ ለለንደን ላከ። ሳምንት ሳይሞላ ቢስማርክ ሰጠመ። ማንም ካዝና አልሰበረም። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ነገረው፤ አለቀ።

የዚህ ሥራ ትልቁ በሽታ ግን ውሸት ነው። ገለልተኛ ከተማ ወሬ የሚገዛ ፈረንጅ ሞልቷታል። ገዢ ካለ ሻጭ አይጠፋም፤ ወሬ ከሌለ ይፈበረካል። ሁዋን ፑዦል የሚባል ስፔናዊ ሊስቦን ተቀምጦ «እንግሊዝ አገር ነኝ» እያለ ለጀርመኖች ሪፖርት ይጽፍ ነበር። እንግሊዝን ረግጦ አያውቅም። የጉዞ መጽሐፍና ካርታ ነበር የያዘው። ግላስጎ ውስጥ ለአንድ ሊትር ወይን ጠጅ ሲሉ የማይሠሩት የሌለ ሰዎች አሉ ብሎ ጻፈ። ስኮትላንድን የሚያውቅ ሰው ያነበበው እንደሆነ ይስቃል፤ እዚያ ውስኪ እንጂ ወይን ማን ይጠይቃል? ጀርመኖቹ ግን አመኑት። በኋላ እንግሊዞች ራሳቸው ወሰዱትና በ1944 ኖርማንዲ፣ ፈረንሳይ ላይ ጦር ሲያወርዱ ጀርመኖችን ያታለሉበትን ወሬ ሠሩበት።

አሽከሮችንም አትርሳ። ቱርክ ገለልተኛ በነበረችበት ጊዜ አንካራ ላይ የእንግሊዙ አምባሳደር አሽከር ኤልዬሳ ባዝና የጌታውን ወረቀት ፎቶ እያነሳ ለጀርመኖች ሸጠ። ወደ 300,000 ፓውንድ ከፈሉት። አብዛኛው የሐሰት ብር ነበር፤ እዚያው ጀርመን የታተመ። እኛንም በቀጥታ የነካን አሽከር አለ። ሮም በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ ይሠራ የነበረው ኮንስታንቲኒ። በሰኔ 1935 እንግሊዞች «በኢትዮጵያ ጣሊያንን እስከመቃወም የሚያደርስ ዋና ጥቅም የለንም» የሚል ምስጢራዊ ሪፖርት አዘጋጅተው ነበር። ያ ወረቀት ጣሊያን እጅ ገባ። ሙሶሊኒ ሎንዶን ምን ያህል እንደምትገፋ አውቆ ተነሳ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ ቦምብ ሲዘንብ፣ ንጉሠ ነገሥቱም እዚሁ ሳሉ፣ እንግሊዝ በዚያ ጦርነት ተዋጊ አልነበረችም። ጣሊያን ሳትነካ ያገኘችው የገለልተኛውን ሐሳብ ነው። አሮጊቶቻችን ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ስለ ወረቀቱ ግን ማንም አልነገራቸውም።

እንግዲህ «ለምን ዝም ይላል?» ወዳልከው። ዝም አይልም፤ ያያል። ሲፈልግ ይነካል። ስዊዘርላንድን ውሰድ። አለን ደለስ የሚባለው የአሜሪካ የመረጃ ሰው ከ1942 መጨረሻ ጀምሮ በርን ከተማ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ፍሪትዝ ኮልበ የሚባል የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሠራተኛ ወደ 1,600 የሚጠጋ ሰነድ አመላለሰለት። ስዊዞች አልነኩትም። በ1943 መጸው ግን ለሶቪየት በድብቅ ራዲዮ ያስተላልፉ የነበሩትን ጄኔቫና ሎዛን ላይ ያዟቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ራዲዮው ሕጉ በግልጽ የሚከለክለው ነው፤ ጀርመንም እየሰማችው ነበር። ደለስ ግን ነገ አሜሪካ ካሸነፈች የምታነጋግረው ሰው ነው። በዚያ ላይ የሁለቱንም ሰላይ ያስቀመጠ አገር ከሁለቱም ይማራል። ሰላዩ ማንን እንደሚያገኝ ካየህ አለቃው ምን እንደሚያስጨንቀው ታውቃለህ። ብታባርረው ነገ የማታውቀው ሌላ ሰው ይመጣል።

የኤምባሲው ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። የ1961 የቪየና ስምምነት የዲፕሎማት ሥራዎች ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ የተቀባዩን አገር ሁኔታ በሕጋዊ መንገድ ሁሉ አጣርቶ ለመንግሥቱ ማሳወቅ ነው። ወታደራዊ አታሼም ሰልፍ ላይ ተጋብዞ ታንክ የሚቆጥረው በይፋ ነው። ዳሩ «በሕጋዊ መንገድ» የምትለው ቃል ከበድ ትላለች። ወረቀት የገዛ፣ ሹም የደለለ ከሆነ አገሩ አያስረውም፤ ምክንያት እንኳ ሳይሰጥ «ውጣልን» ማለት ግን ይችላል። ስለዚህ ለጓደኛህ፦ ሁሉም ጆሮ አለው፤ ሁሉም ሌባ አይደለም።

የሚታይ ነገር ላልከው፣ ደሴ ስትመጣ አይጠየፍ አዳራሽን ሳታይ እንዳትመለስ። የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው፤ ያ ሁሉ መልእክተኛ ሲመላለስ የነበረበትን ዘመን ያስታውስሃል። ጊዜ ካለህ ደግሞ መቅደላ ውጣ። ሴባስቶፖል እዚያው አምባው ላይ ተቀምጧል፤ የሰሎሞን ሆል አባትና ጓደኞቹ በሠሩበት ዘመን የተሠራው መድፍ። የመጨረሻው መንገድ በእግር ነው። ጓደኛህን ይዘኸው ሂድ፤ ዳገቱ ረጅም ስለሆነ ክርክሩን እዚያ ትጨርሱታላችሁ።